አንድ ሊትር ሳላይን ግፊቱን አነሣው፣ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ወረደ፤ ውሃው የት ገባ?

ይህን የሕክምና ባለሙያዎች የውይይት ክር (በቁጥር የተከታተሉ መልሶች) የከፈተው ተረኛ ሐኪም ያቀረበው ጉዳይ አጭር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ፣ የሳንባ ምች ወደ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ) የወሰደው፣ የደም ግፊቱ 80 በ45፣ አማካዩ 57። አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውሃ፣ በ30 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ አማካዩ ወደ 68 ይወጣል፤ ክፍሉ ሁሉ እፎይ ይላል። ሰዓት ሳይሞላ ግፊቱ ተመልሶ 58 ላይ ይገኛል፣ የእጁ ጀርባም ማበጥ ጀምሯል። ሁለተኛ ሊትር ይጨመር ወይስ ሌላ ነገር ይደረግ ነው ጥያቄው። ከጥያቄው ሥር ግን አንድ አቋምም አስቀምጧል፤ ደም ስር ቧንቧ ነው፣ ሲጎድል ግፊቱ ይወርዳል፣ ሲሞላ ይወጣል፤ ስለዚህ ከወረደ ገና አልሞላም ማለት ነው። ክሩን ያስረዘመው ጥያቄው ሳይሆን ይህ አቋም ነው። መልሶቹን በየቁጥራቸው አስከትላለሁ፤ ጨዋነቱም ቁጣውም እንዳለ ነው።

1ኛው መልስ ሒሳቡን በትሕትና ዘርግቶ አሳየ። ኖርማል ሳላይንም ሆነ ሪንገር ላክቴት የተባለው ሌላው የጨው ፈሳሽ በደም ስር ግድግዳ በኩል ይወጣል፤ ጨውን የሚያግደው የሕዋሱ ሽፋን እንጂ የደም ስሩ ግድግዳ አይደለም። ስለዚህ ከገባው 1000 ሚሊ ሊትር ሥርጭቱ ሲያልቅ በደም ውስጥ የሚቀረው ሩብ ያህሉ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰው ነው። 5 በመቶ ግሉኮስ ደግሞ ስኳሩ ከተቃጠለ በኋላ ባዶ ውሃ ስለሚሆን ወደ ሕዋሳቱም ይዘልቃል፤ ከሊትሩ በደም ስር ውስጥ የሚቀረው 100 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሥርጭቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከረጢቱ እየገባ ሳለ የሚታየው ግፊት ከዘላቂው የሚበልጠው ለዚህ ነው። መልስ ሰጪው ምክሩን የቋጨው ፈሳሹ ያለቀበትን ደቂቃ ልኬት ይዛችሁ አትወስኑ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ድገሙት በማለት ነው።

2ኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ቧንቧ የሚለውን ግን አልተቀበለም። የደም ስር ውስጠኛ ግድግዳ ኢንዶቴሊየም በሚባሉ ሕዋሳት የተነጠፈ ነው፤ እነዚህ ሕዋሳት ራሳቸው ደግሞ ወደ ደሙ በኩል ግላይኮካሊክስ የሚባል ስስ ሽፋን አላቸው። ሽፋኑ ሲንዴካን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ የተተከሉ የሄፓራን ሰልፌት ሰንሰለቶች፣ ሃያሉሮናንና በመካከላቸው የተያዘ አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ያለበት ነው። የደም ሕዋሳትን ከግድግዳው ያርቃል፣ ፕሮቲን በቀላሉ እንዳያመልጥ ያግዳል፣ የደሙን ፍሰት እየለካም ለሕዋሱ ያሳውቃል። ሴፕሲስ፣ ከባድ አደጋ፣ የስኳር መጠን መናርና የደም መቋረጥ ይህን ሽፋን ይልጡታል። ሽፋኑ በተላጠበት ታካሚ ላይ 1ኛው መልስ ያስቀመጠው ሩብ እንኳ ብዙ ነው፤ ውሃው ከነፕሮቲኑ ይሾልካል።

ከዚያም ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነውን ነካ። ኧርነስት ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1896 ያቀረበውና በኋላ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ሥዕል ውሃ በካፒላሪው (እጅግ ቀጭኑ ደም ስር) መነሻ ይወጣል፣ በመጨረሻው በፕሮቲን ጉተታ ይመለሳል የሚል ነበር። ሌቪክና ሚሼል እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ግምገማ ግን በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ያ መመለስ ዘላቂ ሆኖ እንደማይገኝ አሳይተዋል። የወጣው ውሃ ወደ ደም የሚመለሰው በሊምፍ፣ ከሥጋ ፈሳሽ በሚሰበስበው መስመር፣ ነው፣ ያውም በዝግታ። ፕሮቲኑ የሚጎትተው በግላይኮካሊክሱና ከሥሩ ባለው ጠባብ ክፍተት መካከል እንጂ እብጠቱ ካለበት ሥጋ አይደለም። በመሆኑም አልቡሚን ሰጥቶ ያበጠ እግርን ለማጉደል መጠበቅ በዚህ ስሌት አይሄድም።

3ኛው አመስግኖ ይህ ሽፋን በታካሚ አልጋ ላይ ይለካል ወይ ሲል ጠየቀ። 4ኛውን የጻፈችው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነች፤ አጭር መልስ ሰጠች። ሽፋኑ ሲላጥ ሲንዴካን 1 በደም ውስጥ ይጨምራል፣ ከምላስ ሥር ያሉ ቀጫጭን ደም ስሮችንም በልዩ ካሜራ ማየት ይቻላል። ሁለቱም ግን የምርምር መሣሪያዎች ናቸው። በክፍል ውስጥ የሚታየው ውጤቱ ብቻ ነው ስትል አከለች፤ ፈሳሹ እየገባ ግፊቱ የማይጸና፣ እብጠቱ ግን በየሰዓቱ የሚጨምር ታካሚ።

5ኛው በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ ነው። የጻፉት አንጋፋ የማደንዘዣ ሐኪም ናቸው፤ ነጥባቸውም ፈሳሹ ባይሾልክ እንኳ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል የሚል ነው። ግፊት ማለት ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም በደም ስሮች ተቃውሞ ሲባዛ ነው። ፈሳሽ በፍጥነት ሲገባ የመጀመሪያው ይጨምራል፣ ሁለተኛው ግን ይቀንሳል። አንደኛው ምክንያት መቅጠን ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲሳሱ ደሙ ይቀጥናል፣ ቀጭን ደም በቀላሉ ይፈስሳል። ሁለተኛው ከፍሰቱ ይመጣል፤ ደሙ ፈጥኖ ግድግዳውን ታክኮ ሲያልፍ ኢንዶቴሊየሙ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቅቃል፣ የደም ስሩ ጡንቻም ይላላል። ሦስተኛ፣ ደም ስሮቹን ጨብጦ ይዞ የነበረው የሰውነት የራሱ አድሬናሊን ልብ ሲሞላ ይቀዘቅዛል። በሴፕሲስ ደም ስሩ አስቀድሞ ልል ስለሆነ ይህ ሁሉ ተደምሮ ልብ የረጨው ተጨማሪ ደም ግፊት ሆኖ አይታይም።

ከመጠን በላይ መሙላት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው አሉ። የልብ ላይኛ ክፍሎች ሲወጠሩ የሚለቁት ሆርሞን በእንስሳት ልብ ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ግላይኮካሊክሱን ሲልጥ ታይቷል፤ ይህ በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን ክርክር አለበትና እንደ ማስረጃ መዶሻ አትጠቀሙበት ሲሉ አስጠነቀቁ። ለጠያቂው ያቀረቡት ተግባራዊ ፍንጭ ታችኛውን ቁጥር ማየት ነው። 80 በ60 እና 80 በ35 አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ደም ስሩ ጨብጦ ልቡ ግን ትንሽ እየረጨ መሆኑን ይጠቁማል፤ ደም የጎደለው ሰው እንዲህ ነው። ሁለተኛው የደም ስሩ መላላት ነው፤ ለዚህኛው ከረጢት ላይ ከረጢት ከመደረብ ደም ስርን የሚያጠብበውን መድኃኒት ኖርአድሬናሊንን ቀድሞ መጀመር ይሻላል። የጠያቂው 80 በ45 ወደ ሁለተኛው ያደላል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

6ኛው ቆጣ ብሎ ገባ። ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ወሬ ነው፣ መመሪያው ግልጽ ነው አለ፤ በሴፕሲስ ምክንያት ግፊቱ ለወረደ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ። ለ70 ኪሎ ሰው 2100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጠያቂው ገና ግማሹን እንኳ አልሰጠም። ወጣት ሐኪሞችን ከፈሳሽ ማስፈራራት ሰው ይገድላል ሲል ደመደመ።

7ኛው በለሰለሰ ቃል ጀምሮ በጠንካራ ማስረጃ መለሰ። የሰርቫይቪንግ ሴፕሲስ ካምፔይን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታደስ ያንን 30 ሚሊ ሊትር ከጠንካራ ምክር ወደ ደካማ ምክር አውርዶታል፤ 6ኛው ይህን ሳይጠቅስ አልፏል። ቀጥሎ ፊስት የተባለውን ጥናት አነሣ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም የታየባቸው 3141 ሕፃናት የተካተቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነው። በፍጥነት ሳላይን ወይም አልቡሚን ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት 10.5 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ፈጣን ፈሳሽ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ ነበሩ። ክሎቨርስ የተባለው የአዋቂዎች ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈሳሽ ቀንሶ ቀድሞ ደም ስር አጥባቂ መድኃኒት መጀመርን ፈሳሽ ከማብዛት ጋር አነጻጽሮ በሞት ላይ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ማንም ፈሳሽ አትስጡ አላለም፤ ሁለተኛው ሊትር በራሱ የሚያድን ነገር አይደለም ነው የተባለው።

8ኛው ራሱ 6ኛው ነው፣ ጭራሽ ብሶበት። የፊስትን ቁጥር ይዞ በኮሌራ የደረቀ ሕፃን ፊት የሚያመነታ ሰው ፈቃዱን ይመልስ ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ያሰፈረው ልክ ግን እንከን የለበትም፤ ለከባድ ድርቀት ሪንገር ላክቴት 100 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ 30ው በ30 ደቂቃ፣ 70ው በሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከ1 ዓመት በታች ለሆነ 30ው በ1 ሰዓት፣ 70ው በ5 ሰዓት። ቶማስ ላታ እ.ኤ.አ. በ1832 በስኮትላንድ የኮሌራ ታካሚዎችን ደም ስር በጨው ውሃ የሞላው ይህን አይቶ እንደሆነም አስታወሰ።

9ኛው፣ ያው የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ ሁለቱን ገላገሉ። የኮሌራ ታካሚ የጎደለው ውሃና ጨው ነው፣ የደም ስሩ ሽፋን በአብዛኛው ደህና ነው፤ የተሰጠው ይይዛል። የሴፕሲስ ታካሚ የጎደለው የደም ስሩ ጥንካሬና ሽፋኑ ነው። ፊስትም የተቅማጥ ድርቀት ያለባቸውን ሕፃናት አላካተተም፤ ይህ የማይነገር እየሆነ ነው ጥናቱ በየክርክሩ ያለቦታው የሚወረወረው። 6ኛውና 7ኛው ስለ ሁለት የተለያዩ ታካሚዎች ነው የሚጣሉት። ይህ አስተያየት ብቻውን ክሩን ሊዘጋው ይችል ነበር፤ አልዘጋውም።

10ኛው የፈሳሹን ዓይነት አመጣ። ኖርማል ሳላይን ከስሙ በቀር ኖርማል አይደለም አለ፤ በሊትር 154 ሚሊሞል ሶዲየምና 154 ሚሊሞል ክሎራይድ ይይዛል፣ በፕላዝማ (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ያለው ክሎራይድ ግን ከ100 ብዙ አይርቅም። ትርፉ ክሎራይድ ደሙን ወደ አሲድ ይወስደዋል። በኩላሊት ደግሞ ማጣሪያውን የሚቀልበው ትንሽ ደም ቅዳ ይጠብባል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ዳሳሽ ብዙ ክሎራይድ ሲደርሰው ማጣሪያው ከልክ በላይ እየሠራ ነው ብሎ ስለሚቆጥር በሩን ያጠብባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች 2 ሊትር ሳላይን ሲወስዱ ወደ ኩላሊት የሚሄደው የደም ፍጥነትና የኩላሊቱ ቅርፊት የሚያገኘው ደም ቀንሷል፤ ያው መጠን ፕላዝማላይት፣ ክሎራይዱ ያነሰ ፈሳሽ፣ ሲሰጣቸው ግን ይህ አልታየም። ደም ስር ላይ በቀጥታ ስለሚሠራ ተጽዕኖ ካወራን ከዚህ የጠራ ምሳሌ የለም ሲል ጻፈ፤ እኔም እስማማለሁ።

11ኛው ነገሩን ልክ አስያዘው። በስማርት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. 2018፣ ሞትን፣ ዲያሊሲስንና ሳይሻር የቆየ የኩላሊት ጉዳትን በአንድ ላይ የያዘው መለኪያ እንደ ሪንገርና ፕላዝማላይት ባለ የተመጣጠነ ፈሳሽ 14.3፣ በሳላይን 15.4 በመቶ ነበር። ልዩነቱ አለ፣ ግን ቀጭን ነው። በኋላ የመጡት ቤሲክስና ፕላስ የተባሉ ጥናቶች በሞት ላይ ልዩነት አላሳዩም። አንድ ሊትር ሳላይን ኩላሊት አይገድልም፤ አምስት ሊትር ከሆነ ግን ምርጫው ይታሰብበት። ጭንቅላቱ ለተጎዳ ታካሚ ደግሞ ሪንገር ላክቴት በትንሹ ቀጭን ስለሆነ፣ ሶዲየሙ 130 ገደማ ነውና፣ የአንጎል እብጠት ያብሳል፤ እዚያ ሳላይን ይመረጣል። ሲያስታውክ ቆይቶ ክሎራይዱ ላለቀበት ሰውም እንዲሁ።

12ኛው ሪንገር ላክቴት ፖታሲየም ስላለው ኩላሊቱ ለደከመ አይሰጥም አለ። 13ኛው ይህን ለስንተኛ ጊዜ ነው የምንመልሰው ብሎ ተነሣ። በሊትር ያለው ፖታሲየም 4 ወይም 5 ሚሊሞል ነው፤ 6.5 ፖታሲየም ያለበትን ደም በ4 መበረዝ ወደ ላይ አያወጣውም። ሳላይኑ ግን ደሙን አሲድ ሲያደርገው ፖታሲየም ከሕዋስ ወጥቶ ሊጨምር ይችላል። እግረ መንገዱን በሪንገሩ ያለው ላክቴት የታካሚውን የላክቴት ምርመራ ያዛባል ተብሎ ሪንገር መከልከልንም ነቀፈ። ጉበቱ የሚሠራ ሰው ያንን ላክቴት ያቃጥለዋል፤ ውጤቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ናሙናው ፈሳሽ ከሚገባበት ክንድ፣ ከካኑላው (ደም ስር ውስጥ ከተተከለው ቀጭን ቱቦ) በላይ መቀዳቱ ነው። መፍትሔው ከሌላኛው ክንድ መቅዳት፣ ካልተቻለ ፈሳሹን ቢያንስ ለ2 ደቂቃ አቁሞ ከካኑላው በታች መቅዳት ነው። ሪንገር በእውነት የማይሆንባቸውን ሁለት ቦታዎችም ጠቆመ፤ ከደም ከረጢት ጋር በአንድ ቱቦ፣ ካልሲየሙ ደሙ እንዳይረጋ የተጨመረውን ሲትሬት ይዞ ደሙ ሊረጋ ስለሚችል፤ በአራስ ሕፃን ደግሞ ሴፍትሪአክሶን ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር። መልሱ ትክክል ነው፣ አነጋገሩ ግን ሻካራ ነበር፤ 12ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

14ኛው ትላልቅ ሞለኪውሎች ስላሉባቸው ከባድ ፈሳሾች ነበር፣ አጭር። የስታርች ውጤቶች ኩላሊት መጉዳታቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጡት ሲክስ ኤስና ቼስት ጥናቶች ታይቶ፣ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቃዳቸው ታግዷል። አልቡሚን በሴፍ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. 2004፣ ከሳላይን ጋር ሲነጻጸር በሞት አልተለየም፤ ጭንቅላታቸው በተጎዳው ላይ ግን ባሰ። ሆኖም አልቡሚን ደም ስርን በሌላ መንገድ ይጠቅማል የሚል ሐሳብ አለ፤ ስፊንጎሲን ፎስፌት የተባለ ንጥረ ነገር ተሸክሞ ወደ ኢንዶቴሊየም ያደርሳል፣ ያ ንጥረ ነገር ደግሞ ሲንዴካንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይገታል። ደም ፈስሶት ሾክ ውስጥ ለገባ ሰውም ፕላዝማ ከሪንገር ይልቅ ሽፋኑን እንደሚያድስ በአይጦች ላይ ታይቷል፤ ለሚደማ ሰው ደምና ፕላዝማ ይሰጥ፣ በጨው ውሃ አይቀጠን የሚለው አሠራር ከዚህ ጋር ይገጥማል።

በ15ኛው ክሩ አቅጣጫ ቀየረ። 4ኛውን የጻፈችው ነርስ ተመልሳ መጣችና ስለ ኢንዶቴሊየም ይህን ያህል ካወራችሁ ካኑላው የተተከለበትን ደም መልስስ ማን ያስብለት አለች። ፈሳሹ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። የፕላዝማ ክምችት በሊትር 290 ሚሊኦስሞል ገደማ ነው፤ ከ900 በላይ የሆነ ነገር በክንድ ደም ስር አይሰጥ የሚባለው የውስጥ ሽፋኑ ስለሚቆስል ነው። 10 በመቶ ግሉኮስ 500 አካባቢ ስለሆነ ያልፋል፤ 40 በመቶው ከ2000 ይበልጣል፣ ስለዚህ በድንገተኛ ጊዜ እንኳ በትልቅ ደም ስር፣ በዝግታ፣ ከኋላው በሳላይን እየታጠበ ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ በክንድ ከተሰጠ በሊትር ከ40 ሚሊሞል፣ በሰዓት ከ10 ሚሊሞል አይለፍ፤ በመርፌ ገፍቶ መስጠት ፈጽሞ የለም።

ምልክቱንም በቅርበት አሳየች። መጀመሪያ ታካሚው ያቃጥለኛል ይላል፤ ቀጥሎ ከካኑላው ጫፍ ወደ ላይ ቀይ መስመር ይወጣል፤ በጣት ሲዳሰስ ደም ስሩ ጠንካራ ገመድ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ደረጃ ካኑላው ይወጣል እንጂ ፈሳሹን ማዘግየት አይጠቅምም። በቆዳው ሥር ቀዝቃዛና ነጣ ያለ እብጠት ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ ከደም ስር ወጥቷል ማለት ነው። የሚፈስሰው ኖርአድሬናሊን ከሆነ ፈሳሹ ወዲያው ይቆማል፣ በቱቦው የቀረው በመርፌ ተስቦ ይወጣል፣ በሳላይን አይታጠብም፤ ፌንቶላሚን፣ ደም ስርን የሚያላላ መድኃኒት፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ተበርዞ በአካባቢው ቆዳ ሥር ይወጋል። ኖርአድሬናሊን ለአጭር ጊዜ በክንድ የሚሰጥ ከሆነም ክርን ላይ ወይም ከክርን በላይ ባለ ደም ስር ነው፤ በእጅ ጀርባ አይሆንም። ጠያቂው ያበጠ የእጅ ጀርባ ብሎ ስለጻፈ ካኑላው የት እንዳለ እንዲያይ መከረችው። እስከዚያ ድረስ ይህን ማንም አላሰበውም ነበር።

16ኛው በዚያው ተነሥቶ የፍጥነት ሒሳብ አስገባ። በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ በስፋቱ አራተኛ ኃይል ይጨምራል፤ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ፍሰቱ 16 እጥፍ ነው። ሰማያዊው ካኑላ፣ 22 ቁጥር፣ በደቂቃ 35 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢያሳልፍ ነው፤ ሮዙ 20 ቁጥር 60 ያህል፤ አረንጓዴው 18 ቁጥር 90 እና ከዚያ በላይ። አንድ ሊትር በ30 ደቂቃ ማለት በደቂቃ 33 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሰማያዊው ካኑላ ክንዱ ሳይታጠፍና ከረጢቱ ሳይወርድ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ብቻ የሚደርስበት። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ ደግሞ በደቂቃ 667 ጠብታ ስለሚሆን አይቆጠርም፣ ጅረት ሆኖ ነው የሚታየው። በ8 ሰዓት የሚገባ ሊትር ግን በደቂቃ 42 ጠብታ ነው። በ30 ደቂቃ ገባ ተብሎ የተጻፈ ሊትር ስንት ጊዜ በእውነት 30 ደቂቃ እንደወሰደ ይጠራጠራል፤ ቦለስ (በፍጥነት የሚገባ ፈሳሽ) ተሰጥቶ አልመለሰም ከማለት በፊት ሰዓቱ ይታይ አለ።

17ኛው ስለ ደም ስር አሠራር የተከፈተ ክር የካኑላ ቀለም መማሪያ ሆነ ብሎ አማረረ። 18ኛው፣ ሌላ ነርስ፣ ያለ ካኑላ ወደ ደም ስር የሚገባ ፈሳሽ ካለ ያሳየን አለ። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት መልሶች ስድብ ቀረሽ ምልልስ ነበር፤ ለአንባቢ የሚተርፍ ነገር የለውምና ዘልየዋለሁ።

በ23ኛው ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ካኑላው ሰማያዊ፣ የተተከለውም በእጅ ጀርባ እንደሆነ ጻፈ። እብጠቱ ግን በሁለቱም እጆች ነው፤ ስለዚህ ቦታውን የሳተ ፈሳሽ ብቻ አይደለም። አሁን ምን ላድርግ፣ በተራ በተራ ንገሩኝ አለ።

24ኛው በተራ ነገረው። በመጀመሪያ ሁለተኛ ካኑላ፣ 18 ቁጥር፣ ክርን ላይ። ቀጥሎ ልቡ ፈሳሽ ቢጨመር ይመልስ እንደሆነ ሳይሰጡ መፈተሽ፤ ታካሚው ጀርባው 45 ዲግሪ ቀና ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ አልጋው ራሱ ተንቀሳቅሶ ጀርባው ይወርዳል፣ እግሮቹም 45 ዲግሪ ይነሣሉ። ውጤቱ በ1 ደቂቃ ገደማ ይታያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ልብ የሚረጨው በአልትራሳውንድ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከጨመረ ፈሳሽ ይጠቅመዋል። አልትራሳውንድ ከሌለ በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት መስፋቱ ይታያል፣ ምንም እንኳ አስተማማኝነቱ ቢያንስ። እግሩን በእጅ አንሥቶ ታካሚውን ማሳመም አድሬናሊን ያስለቅቃልና ፈተናውን ያበላሻል። የጣት ጫፍ ለ10 ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ደም ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ቀጫጭኖቹ ደም ስሮች ደም አላገኙም፤ እየተሰጠ ያለው ሁሉ በዚህ ይመዘን፣ በአማካይ ግፊቱ ብቻ አይደለም። ከመለሰ 250 ወይም 500 ሚሊ ሊትር ሪንገር ይሰጥና እንደገና ይፈተሽ። ካልመለሰ ኖርአድሬናሊን፣ አማካይ ግፊቱ 65 እስኪደርስ።

25ኛው አንድ ነገር ጨመረ። አማካይ ግፊት 65 መሆኑ ለኩላሊት በቂ አይደለም፣ ከሱ ላይ የደም መልሱ ግፊት ይቀነሳል። የደም መልሱ ግፊት 5 ሲሆን ኩላሊቱ በ60 ይታጠባል፤ በፈሳሽ ብዛት 15 ከደረሰ 50 ብቻ ይቀራል። ሽንት ቀነሰ ተብሎ የሚጨመረው ሊትር ሽንቱን የበለጠ የሚቀንሰው እንዲህ ነው። 26ኛው ለዚህ ማሳያ ፕሪኤክላምፕሲያን፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን የደም ግፊት በሽታ፣ ጠቀሰ፤ የእናቲቱ ኢንዶቴሊየም ራሱ ታሟል፣ ግፊቷ ከፍ ያለ ቢሆንም በደም ስሯ ያለው ፈሳሽ ያነሰ ነው፣ ሽንቷም ይቀንሳል። ሆኖም የሚገባው ሁሉ ተደምሮ በሰዓት 80 ሚሊ ሊትር ላይ ይገደባል፣ ምክንያቱም የሚሾልከው ወደ ሳንባዋ ነው።

27ኛው ያው 6ኛው ነው። በዚህ አልተጣላም፤ ለሷ 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ የሚል መመሪያ የለም ብሎ ብቻ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ጠያቂው ሁለተኛውን ሊትር እንዳላዘዘ፣ 250 ሚሊ ሊትር ሪንገር ሰጥቶ ኖርአድሬናሊን በክርኑ ካኑላ እንደጀመረ ጻፈ። 29ኛው የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ኖርአድሬናሊን በሚገባበት ክንድ ላይ እንዳያስር አሳሰበው፤ ጨርቁ በተነፋ ቁጥር መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ሲለቀቅ ደግሞ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ማሽኑ የሚያሳየው ከፍና ዝቅ የታካሚው ሳይሆን የጨርቁ ሊሆን ይችላል። 30ኛው ደግሞ በሌላኛው ክንድ ማሰር ካልተቻለ የእግሩ ባት ላይ ማሰር እንደሚቻል፣ ቁጥሩ ግን ከክንዱ ሊለይ ስለሚችል ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲለካ ጻፈ።